ሥጋ የማያውቀው መጥበሻ

ዘንድሮ በዳግማይ ትንሣኤ ጎረቤቴ ይታይሽ ለምሳ ጠራችኝ። የጠራችኝ በስልክ ነው። በመካከላችን ያለው አንድ የቆርቆሮ አጥር ሆኖ ሳለ ስልክ መደወሏ ቢያስቀኝም ሳላስለምን ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከለቅሶና ከዶሮ ወጥ አልቀርም። ቤቱ አዲስ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ በአንድ እጄ ነጠላዬን፣ በሌላው የሰው ክንድ ይዤ እየተንሸራተትኩ ነው የገባሁት። ወጣቶቹ ሶፋው ላይ ስልካቸውን አቀርቅረው ያያሉ፤ ቴሌቪዥኑ ማንም ሳይሰማው ብቻውን ይዘፍናል፤ እኛ አሮጊቶቹ ግድግዳውን ተጠግተን ተደርድረናል። ወጡ ሳይቀርብ በፊት የይታይሽ ልጅ ሰላም አንድ ትሪ ይዛ ብቅ አለች። ትሪው ላይ ጠርዛቸው ጠቆር ያለ ሳምቡሳዎች፣ ከሥራቸው ደግሞ ዳር ዳሩ የተለበለበ የኮባ ቅጠል አለ። ከእሷ በፊት ሽታው ደረሰኝ። የኮባው፣ የጤና አዳሙ፣ የኮረሪማው ሽታ አንድ ላይ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የያዝኩትን ወሬ ረሳሁት።

ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃት ባህላዊ የደብረ ታቦር የአይብ ሳምቡሳ ነው አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ለካስ በትእዛዝ እየሠራች ትሸጣለች፤ ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት፣ ጾም ባልሆነ በዓል ሁሉ ይወሰድላታል። ያዘዘ ሰው አስቀድሞ ፎቶውን ያያል አሉ። ባህላዊ ስትል ሳቄ መጣብኝና በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። ያ ባህል በተወለደበት ቀን እኔ እዚያው ነበርኩ። ጎንደሬ ከጥንት ጀምሮ ሲበላው የኖረ ነገር አይደለም። ሆዱን መቻል ያቃተው አንድ ጎረምሳ ያመጣብን ጣጣ ነው።

ከእብናት ተድሬ ደብረ ታቦር የገባሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው። እብናትም ገበያ ነበራት፣ ከብቱም እህሉም የሚጎርፍባት ነች፤ ስለዚህ ከተማ አላውቅም ማለት አልወድም ነበር። ደብረ ታቦር ግን ሌላ ነበረች። ብርዱ ራሱ ሌላ ነው። ከጉና የሚወርደው ነፋስ በጠዋት ፊት ይልጣል፤ እኔ የቆላ ዳር ልጅ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ ቦኖ ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ ይስቁብኝ ነበር። ከገበያው መግቢያ አንስቶ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው መኪናቸውን ያንቀጫቅጫሉ። በበዓል ሰሞን የቴትሮን ቀሚስ ለማሰፋት ወረፋው አይጣል ነው። ወንዶቹ ደግሞ እግሩ ሥር መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ይሄዳሉ። ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት አንድ ነበርና ቤሳ የሌለው ሰው መስኮቱ ሥር ቆሞ ዘፈኑን በነጻ ሰምቶ ይሄዳል። ባለቤቴም አስተማሪ ሆኖ ሳለ ከቆሙት አንዱ ነበር። ዘይት በጣሳ ተለክቶ ይሸጥ ነበር፤ የዚያን ጊዜ የአንድ ጣሳ ዘይት ዋጋ ለሰላም ብነግራት የማሾፍባት ይመስላታል። ዛሬ ዘይት ቤት ያደረገች ሴት የሚሰርቃት ሰው እንዳይኖር አልጋዋ ሥር ነው የምታስቀምጠው።

የባለቤቴ ቤተሰብ የሚኖረው ከአንድ የሙስሊም ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ነበር። በራችን ትይዩ ነው፤ የእኛ ዶሮ እነሱ ቤት ትጥላለች፣ የእነሱ ድመት እኛ ቤት ትተኛለች። አማቴ እማማ የዝና ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሲቆጡ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ዝም ይላሉ፤ እኔም ከዝምታቸው በላይ የምፈራው ነገር አልነበረኝም። የእነዚያኛዎቹ አሮጊት እማማ ሐሊማ ደግሞ ክብ፣ ሳቂታ፣ ወሬ የማይጨርሱ። ሁለቱ አብረው ወልደዋል፣ አብረው ባል ቀብረዋል። በአዘቦት ቀን አንድ ገበታ ቀርበው ሽሮውንም ጎመኑንም እየተጎራረሱ ይበሉ ነበር። በዓል ሲመጣ ግን ይለያያሉ። የክርስቲያኑን እርድ ሙስሊሙ፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ይህን ማንም የሚያውቀው ነው። ስለዚህ በፋሲካ እማማ ሐሊማ አዲስ ሻሻቸውን አስረው እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ይመጣሉ፤ ብርዝ ይጠጣሉ፣ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ መሶቡ ከጓዳ ሊወጣ ሲል ሻሻቸውን አስተካክለው ይነሳሉ። በኢድ ደግሞ አማቴ እንደዚያው። ማዕድ ሊቀርብ ሲል የሚነሱባትን ደቂቃ ሁለቱም አሳምረው ያውቋታል፤ አንዷም ሌላዋን አሳፍራ አታውቅም። የሚለያዩት ደስ በሚላቸው ቀን ብቻ መሆኑ ግን ለእኔ፣ ለአዲሷ ሙሽራ፣ ይገርመኝ ነበር።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ገብቶ ጥቂት እንደቆየ የእማማ ሐሊማ ትልቁ ልጅ ከወረታ መጣና እናቴን ከፋሲካ በኋላ ወስጄ እኔ ዘንድ አኖራለሁ አለ። ወረታ ዛሬ በሚኒባስ ቁርስ በልተው ሄደው ለምሳ የሚመለሱባት ናት። ያኔ ግን መንገዱ ጭቃና አቧራ፣ መኪናው የጭነት፣ ተሳፋሪው ከጆንያ ጋር እየተላጋ የሚሄድበት ነበር። ጉልበቷ ለደከመ አሮጊት ወረታ ሄዱ ማለት ቀሩ ማለት ነው። አማቴ ወሬውን ሰምተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ማታ እግራቸውን ሳጥባቸው ነው የተናገሩት። "ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር በበዓል ቀን አንዲት ጉርሻ አጉርሻት አላውቅም" አሉ። "አሁንም ቆሎ አቅርቤላት ልሸኛት ነው።" እንባ አላየሁም፤ እግራቸውን ግን ከውሃው ሳያወጡ ብዙ ቆዩ። እንዲህ ያለ ነገር ከአማቴ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ለዘይነባ ነገርኳት። ዘይነባ የእማማ ሐሊማ ምራት፣ እዚሁ ግቢ የሚኖረው የታናሹ ልጃቸው ሚስት ናት፤ እኩያዬ፣ ቀጭን፣ ምላሷ ስለት። እንስራዋን አስቀምጣ አሰበችና "አይብ አራጅ የለውም" አለችኝ። እውነቷን ነው። አይብ ቢላዋ አይነካውም፤ የእናንተ የእኛ አይባልም። ግን አይብ ብቻውን እንዴት ይቀርባል አልኩ። አይብ በበዓል የወጥ ጎን ነው፤ አይብ ብቻ አቅርቦ እንግዳ የሚሸኝ ቤት አይተን አናውቅም። ያኔ ነው ሳምቡሳውን ያነሳችው። እሷ ከእናቷ የተማረችው ሳምቡሳ ለረመዳን ማፍጠሪያ የሚሠራ፣ ምስር ወይም ሥጋ የሚገባበት ነው። በምስሩ ፋንታ አይብ ብንከትበት በእጅ ይነሳል፣ ያምራል፣ በትሪ ይቀርባል፣ በዓል በዓል ይላል አለች። አማቴ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። ሳምቡሳ ለእሳቸው መናኸሪያ ላይ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ለሹፌርና ለረዳት የሚሸጥ ነገር ነው፤ ለሐሊማ የመንገደኛ ምግብ ላቀርብላት ነው ወይ አሉኝ። ዘይነባ መጥታ በአንዲት ቁራጭ ሊጥ ላይ አጥፋ፣ ደግማ አጥፋ፣ ጠርዙን እንደ ስፌት በጣቷ ገምዳ አሳየቻቸው። አገላብጠው አዩትና "እስቲ ሞክሩት" አሉ።

የመጀመሪያው ችግር መጥበሻው ነበር። የእኛ ቤት መጥበሻ የእኛን ሥጋ ያውቃል፣ የእነሱም የእነሱን። አሮጊቶቹ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ስለዚህ ተዋጥተን ገበያው ማዕዘን ላይ ካለው ሱቅ አንድ አዲስ ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ ገዛን፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርንበት፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው ዋርካ በሚያህል የግራር ግንድ ላይ ሚስማር መትተን ሰቀልነው። ከአይብ በቀር የሚነካው ነገር እንዳይኖር ተማማልን። አይቡን እናቴ ከእብናት በቅል ትልክ ነበር፤ እኛ ብንጾም ላሟ አትጾምም። ሁለተኛው ችግር ያ ነበር፤ ጾም ነውና እኔ መቅመስ አልችልም። እኔ እሠራለሁ፣ ዘይነባ ትቀምሳለች። መጀመሪያ የሠራነው ዘይቱ ውስጥ ፈንድቶ አይቡ ሁሉ ተበተነ። አጓቱ በደንብ አልወጣለትም ነበር። ከዚያ በኋላ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን ድንጋይ ጭነንበት ማሳደር ጀመርን። ሲወጣ የሚፈረፈር፣ ደረቅ፣ ከኮረሪማ፣ ከጤና አዳምና ከደቀቀች ቃሪያ ጋር ተለውሶ በጣት ሲነኩት የሚያምር ሆነ። ዘይነባ ዓይኗን ጨፍና ታኝካለች፤ እኔ አፏን አፏን አያለሁ። ፍርዷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ "ጨው ያንሰዋል።" እጨምራለሁ። በሌላው ሳምንት ደግሞ ጨው ያንሰዋል። እጨምራለሁ። ሁዳዴን ሙሉ በዚህ አሳለፍነው፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ የሚያስቅ ጾም ጾሜ አላውቅም።

ፋሲካ ደረሰ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን፣ በዶሮው ገድፈን፣ ጥቂት ጋደም አልን። ሳምቡሳዎቹ ታጥፈው፣ በንጹሕ ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ዘይነባ ቤት ተቀምጠዋል፤ ለምሳ መጥበስ ብቻ ነው የቀረን። በእንቅልፌ ውስጥ የጥብስ ሽታ መጣልኝ፤ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ሮዝመሪ። ደስ አለኝና ፈገግ እያልኩ ተነሳሁ። ወጥቼ ሳይ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ሞላ፣ ጠዋት ከታረደው በግ ላይ ቆንጆ ቆንጆውን መርጦ ደጅ እሳት አንድዶ ይጠብሳል። የሚጠብስበት መጥበሻ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ሞላ ቀና ብሎ አየኝና ብላ የተባለ ሰው ይመስል ደህና አደርሽ አለኝ። ክሩስ፣ ክሩን አላየህም አልኩት። ለጌጥ መስሎኛል አለ።

ወዲያው አማቴ ወጡ። መጥበሻውን አዩ፣ ሞላን አዩ፣ ዝም ብለው ሄደው ከአጥሩ ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ሞላ ያኔ ነው ነገሩ የገባው። በአመድና በአሸዋ እፈትገዋለሁ፣ አዲስ ይሆናል፣ ማንም አያውቅም እያለ ተንቀዠቀዠ። እኔ ዘይነባ ቤት ገባሁና ነገርኳት። ተናደደች፤ ሞላን ሰፈር እስኪሰማ ሰደበችው፤ ትንሽ ሲወጣላት ደግሞ ሳቅ አፈናት። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ ፋሲካ ነው። ከጎረቤት እንዳንዋስ በሰፈሩ ሥጋ የማያውቅ መጥበሻ የለም። እማማ ሐሊማ በሚቀጥለው ሳምንት ይሄዳሉ። ያ ፋሲካ ካለፈ አማቴ የሚያጎርሱበት ሌላ በዓል የላቸውም።

ዘይነባ በራፉ ላይ ቆማ ግቢውን ስታይ ዓይኗ ቅዳሜ ድፎ ዳቦ የጋገርንበት ምጣድ ላይ አረፈ። "ዳቦ የምትጋግሩበት ይኼ ምጣድ ሥጋ ነክቶት ያውቃል?" አለችኝ።

"ኸረ በጭራሽ።"

"እንግዲያማ ምን ያስጨንቀናል።"

ሞላን ኮባ እንዲያመጣ ላክነው። የራሳችንን ለዳቦው ጨርሰነው ነበርና ለበዓል የተገዛለትን ነጭ ሱሪ እንደለበሰ የሰው አጥር ዘሎ፣ ውሻ አባሮት፣ ሱሪው ከጉልበቱ ተተርትሮ ቅጠሉን ታቅፎ መጣ። ማንም አላዘነለትም። ምጣዱን ጣድን፣ ኮባውን አነጠፍን፣ ሳምቡሳውን ደረደርን፣ ሌላ ኮባ አለበስን፣ ከደንን፣ ክዳኑ ላይ ፍም አደረግን። ይህን ሠርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ይብሰል ይረር የሚያውቅ የለም። ሽታው ሲወጣ ግን አማቴ ከድንጋዩ ላይ ሆነው ነጠላቸውን ከዓይናቸው ዝቅ ሲያደርጉ አየሁ።

እማማ ሐሊማ እንደ ሁልጊዜው መጡ። ስለ ጠዋቱ ጉድ ሁሉንም ሰምተዋል፤ ዘይነባ ሞላን ስትሰድብ ያልሰማ አልነበረም። እሳቸው ግን እንዳልሰማ ሰው ሆነው ብርዛቸውን ጠጡ፣ አወጉ፣ ሳቁ። እኔ ከጓዳ ስወጣ ኮቴዬን ሰሙና እንደ ልማዳቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ሊነሱ እጃቸውን መሬት አስደገፉ። አማቴ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዙ።

"ተቀመጪ ሐሊማ። ዛሬ አትነሺም።"

ሰፌዱን በመካከላቸው አስቀመጥኩ። ሳምቡሳው በዘይት እንደጠበስነው ወርቅ አልመሰለም፤ ገርጥቷል፣ ጠርዙ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ አፉን ከፍቷል። አማቴ ቆንጆዋን መርጠው አነሱና ቢስሚላሂ በይ ብለው አጎረሷቸው። እማማ ሐሊማ ነከሱ። አልተነከሰም። በሌላኛው ጎን ሞከሩ። ያ ሁሉ የታሰበለት፣ እንደ ስፌት የተገመደው ጠርዝ እንደ ድንጋይ ሆኗል፤ እማማ ሐሊማ ደግሞ የቀሯቸው ጥርሶች የሚተዋወቁ አልነበሩም። ዘይነባና እኔ ተያየን። መሬት ብትከፈት የምገባ መሰለኝ። አማቴ ግን ሳምቡሳዋን ተቀብለው ሰበሯት፣ ከሆዷ አይቡን ብቻ በሦስት ጣታቸው ጠቅለል አድርገው አወጡ፣ አጎረሱ። እማማ ሐሊማ ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙ፤ ብዙ ቆዩ። "የዝና፣ እጅሽ እንዲህ ይጣፍጥ ኖሯል" አሉ። ከዚያ እሳቸውም ከፍተው አማቴን አጎረሱ። ሁለቱም እያለቀሱ ይስቁ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፣ ዘይነባም፣ ሞላም በር ሥር የተቀደደ ሱሪውን ይዞ አለቀሰ። ለካስ አይቡ ብቻ ይበቃ ነበር። ሁዳዴን ሙሉ ስናጥፍ ስንዘረጋ የከረምንበትን ቂጣ የቤታችን ልጆች በወጥ እያጠቀሱ ጨረሱት። ሁሉም ከጠገበ በኋላ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት። ጨው በጨው ነበር። አሮጊቶቹ ያን ቀን አንድ እንስራ ውሃ ጨርሰዋል፤ እኔም ዘይነባን ያኔ ነው ያወቅኋት።

እማማ ሐሊማ በሳምንቱ በጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ሄዱ። አልቀሩም ደግሞ። አማቴ ጉልበታቸው እስከቻለ ድረስ በየኢዱ ወረታ ይወርዱ ነበር፤ ሳምቡሳ ልሥራልዎ ስላቸው "ቂጣውን ተይው፣ አይቡን ብቻ በኮባ ጠቅልይልኝ" ይሉኛል። ሁለቱም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። እኔና ዘይነባ ግን በየፋሲካው በምጣድ መጋገሩን ቀጠልን። ጎረቤት አየው፣ ወደደው፣ ከቤት ቤት ተሻገረ። ይታይሽ ያኔ አዲስ ሙሽራ ሆና ግቢያችን ተከራይታ ነበር፤ አጠገቤ ቆማ ስታይ የምታይ አትመስልም ነበር፤ ለካስ ታይ ኖሯል። እጄ ሲደክም እኔ ተውኩት፤ እሷ ለልጇ አሳለፈችው።

ሰላም ትሪውን ይዛ እንደቆመች ነበረች። አንድ ነገር ልጠይቅሽ አልኳት። "ይህ የተጋገረበት ዕቃ ሥጋ ነክቶት ያውቃል?"

"አያውቅም እማማ። የሳምቡሳው ዕቃ ለብቻው ነው፣ ሥጋ አላስጠጋውም" አለችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና "እንጃ፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው" አለች።

አንዱን በልቼ ሁለቱን በሶፍት ጠቅልዬ ስነሳ ወጡ ገና እየመጣ ነበር። ይታይሽ ደነገጠች፤ ዶሮ ትቼ ስሄድ አይታኝ አታውቅም። ዘይነባ አሁን የምትኖረው ከገበያው በታች ልጇ ዘንድ ነው። ጉልበቷ አላስወጣ ብሏት ከቤት ከዋለች ሰነባብታለች። ስገባ መስኮቱ ሥር ካለው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቅሉን ከሩቅ አሸተተችና ሰላምታዬን እንኳ ሳትጠብቅ "ዕቃው ሥጋ ነክቶታል?" አለችኝ። አልነካውም አልኳት። ሰበርኩት፣ ቂጣውን ለልጅ ልጆቿ ሰጠሁ፣ አይቡን ጠቅልዬ አጎረስኳት። ዓይኗን ጨፍና አኘከች። ልክ እንደዚያ ሁዳዴ አፏን አፏን አየሁ።

"ጨው ያንሰዋል" አለች።

ሐኪም ለሁለታችንም ጨው ከከለከለን ቆይቷል። ልጇ እንዳታየን ወደ ጓዳው ዞር ብዬ አየሁና ጨው ፍለጋ ተነሳሁ።